የእናቴ ኩባያ

ዛሬ ጠዋት ዕቃ ሳጥብ የእናቴ የሸክላ ኩባያ እጄ ገባ። ውሃ ሲነካው ዛሬም ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። ቧንቧውን ሳልዘጋ ቆሜ ቀረሁ።

ከአገር ወጥተን ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ይህን ኩባያ እንደ ጠላት ነበር የማየው። እናቴ ሰርግም ልደትም ስትሄድ በቦርሳዋ ትይዘዋለች፤ በሌላ ዕቃ ምንም አትጠጣም። የሰፈሩ አበሻ ሴቶች «እኛን ተጸይፋ ነው» እያሉ ያሟት ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ኩራት መስሎኝ አፍርባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ኮሚኒቲ ሴንተሩ ውስጥ የአንድ ሕፃን ልደት ተጠራን። ከቤት ከመውጣታችን በፊት ኩባያውን ከቦርሳዋ አውጥቼ ሶፋ ሥር ደበቅኩት። አዳራሹ ወጥ ወጥና እርጥብ ጃኬት ይሸት ነበር። እናቴ ቦርሳዋን ሦስት ጊዜ በረበረች። የሕፃኑ እናት በብርጭቆ ውሃ ይዛላት መጣች።

«ኦኬ ነሽ ግን? ውሃ እንኳ ጠጪ እንጂ!»

«ጠጥቼ ነው የመጣሁት።»

ያን የሚያቃጥል ወጥ በልታ እስከ ማታ ከንፈሯን እየላሰች ተቀመጠች። አንጀቴን በላችው።

ባስ ውስጥ «ዋይ ካንት ዩ ጀስት ድሪንክ? ብትጠጪ ምን ነበረበት?» አልኳት።

ወደ መስኮቱ ዞራ ነው የነገረችኝ። «እኛ ሸክላ ሠሪዎች ነን። አገር ቤት ቡዳ ይሉናል። ልጅ ሆኜ በጎረቤት ዋንጫ ውሃ ጠጣሁ፤ ዓይኔ እያየ ሰበሩት።»

«እዚህ ማንም አያውቅም እኮ።»

«ያወቁ ለት የሚሰብሩት ዕቃ እንዳይኖር ብዬ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ።»

አልተናገርኩም። ግን ከዚያ ወዲያ እኔም ሰው ቤት ውሃ መጠጣት ተውኩ። የፕላስቲክ ኮዳ ይዤ ስዞር የክፍሌ ልጆች ስፖርተኛ እየመሰልኳቸው፣ ብቻዬን አደግኩ።

ከዓመታት በኋላ እናቴ አረፈች። ለቅሶው ላይ ሰው በዛና ብርጭቆ አለቀ። ያቺው የሕፃኑ እናት ከመደርደሪያው የእናቴን ኩባያ አንስታ ውሃ ቀድታ ጠጣች።

«ሲያምር! ከየት አመጣችው?» አለችኝ።

«እናቷ ናቸው የሠሩላት። እኛ ሸክላ ሠሪዎች ነን።»

ኩባያውን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ኩባያውን ዘረጋችልኝ።

«እስቲ ድገሚኝ» አለች።

ቀዳሁላት። እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር። እናቴ ከእነዚህ ሴቶች ጋር ስንት ዓመት ተቀመጠች፤ ኩባያዋን ይዛም ሁሌ እንደ ጠማት ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር።