የጠፋው ሦስተኛ ቅጽ

ሆኖር ትሪንደር ሳታገባ አርባ ዓመት አልፏት የቄስ ወንድሟን ቤት ታስተዳድር ነበር። እኔ የመድኃኒት ቀማሚው ሚስት ጎረቤቷ ስለሆንኩ ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም ባይ ነበርኩ። ለካ ምኑንም አላውቅም! ሊጡ ኩፍ እስኪል ወጥ ቤት ተቀምጣ ስትጽፍ፣ "ይሄ ሁሉ ደብዳቤ ለማን ነው?" ስላት፣ "ለአክስቴ" ትለኛለች። አክስቷን ከቀበርን ሦስት ዓመት እንዳለፈ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ወንድሟ ቄስ ጆብ፣ "ልብ ወለድ ከጣሪያዬ ሥር አይነበብም፤ ሲያነብ የተገኘ ጓዙን ጠቅልሎ ይውጣ!" ብለው በስብከት መሃል ምለዋል። ሆኖር ደግሞ ከዚያ ቤት ሌላ መግቢያ አልነበራትም።

አንድ የጸደይ ወር ከለንደን "በአንዲት እመቤት የተጻፈ" የሚል ባለሦስት ቅጽ ልብ ወለድ መጣ። መጽሐፍ አከራዩ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እኛ ሴቶች እኔ ቤት ተሰብስበን እየሰፋን አንዳችን ጮክ ብለን እናነባለን። ሁለተኛው ቅጽ ባለታሪኳ ልጅ በሠርጓ ማለዳ ስትጠፋ አለቀ። ሦስተኛውን እንዲያመጣልን ሰው ስንልክ የለም! ማንም ሳያነበው አንድ ሰው ወስዶ አስቀርቶታል።

"በጉጉት ከምሞት ፈንጣጣ ይግደለኝ!" አልኩ።

"አትሞቺም" አለች ሆኖር፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል። "አጎቷ ቄሱ ጋ ነው የሄደችው። እሱ ይሞትና ቤቱን ያወርሳታል።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ቀና ስል ቄስ ጆብ እህታቸውን ሊወስዱ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ስለ እሷ ፈራሁ፤ መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

ቄሱ ከካፖርታቸው ኪስ ሦስተኛውን ቅጽ አወጡ። አዲስ መጽሐፍ ገጾቹ እንደተያያዙ ስለሚመጣ አንባቢው በቢላ ይለያያቸዋል፤ ይሄኛው እስከ መጨረሻው ተለያይቷል፤ ዳር ዳሩን የዳቦ ቢላ ቅቤ ነክቶታል።

"ከእጄ ወጥቶ አያውቅም" አሉ። "ሳታነቢው ፍጻሜውን ካወቅሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።"

"አባ፣ መሐላዎስ?" አልኩ ጣልቃ ገብቼ።

"ከጣሪያዬ ሥር አላነበብኩትም፤ ፖም ዛፉ ሥር ነው!" ወደ እህታቸው ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ሆኖር፣ ያንን ደግ ቄስ ለምን ገደልሽው?"

"ቤት እንድታገኝ ነው፣ ጋሼ።"

"ሳይሞትስ ቢሰጣት?"

በማግስቱ የራሳቸውን ጠረጴዛ ለቀቁላት። ከዚያ ወዲህ አራት መጻሕፍት ጽፋለች። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ቄስ አለ፤ አንዱም አይሞትም።