ወንዝ በራስጌ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ ጨለማው ገና አልለቀቀውም፤ ረዳቶቹ ግን «ደሴ! ደሴ!» እያሉ ሰፈሩን ቀስቅሰውታል። በአንድ እጄ የይለፍ ወረቀቴን፣ በሌላው ጥቅል ፕላን ይዤ እጋፋለሁ።

ፕላኑ የሲስተር ሙሉነሽ ቤት ነው። ሲስተር ሙሉነሽ የእኅቴ የነርስ ትምህርት ቤት ጓደኛ ነበረች፤ አሁን ላሊበላ ትሠራለች። የምትኖረው ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። እናቷ እማማ ዘነቡ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዝ ዳር ባለ ቁልቁለት ላይ፣ በአሮጌ ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። እዚያው ቦታ ላይ ለሁለቱም የሚሆን ዘመናዊ ቤት እንድነድፍላት ለምናኝ፣ የቦታውን ልክ ልካልኝ፣ ሠራሁት። ሰፊ መስታወት፣ ዝርግ ጣሪያ፣ ሻወር። በሥራዬ ኮርቻለሁ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ቦታው የእማማ ዘነቡ ስለሆነ እሳቸው «ይሁን» ካላሉ ቤት የሚባል ነገር የለም።

ማክሰኞ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ

ደሴን በብርድ ተሰናበትናት። ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን፤ የእኔ ጥቅል ወረቀት ጠባቂውን አላስደሰተውም።

«የምን ካርታ ነው?»

«ካርታ አይደለም ጓድ፣ የቤት ፕላን ነው።»

«ቤቱ የታል?»

«ገና አልተሠራም።»

ወረቀቱን እያዟዟረ አየው። «ያልተሠራ ቤት ተሸክሞ የሚዞር ሰው ዛሬ ገና አየሁ» ብሎ አሳለፈኝ። ተሳፋሪው ሳቀብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወልድያ ስንደርስ ትኩስ ሽሮ በቃሪያ በላሁና ድካሜን ረሳሁት።

ረቡዕ፣ ወደ ላስታ

ለክሊኒኩ መድኃኒት የጫነ ላንድሮቨር ነው የተሳፈርኩት። ሹፌሩ ጋሽ እንድሪስ የወልድያ ሰው ናቸው፤ እጃቸው መሪው ላይ፣ አፋቸው ጨዋታው ላይ ነው።

«ቢስሚላህ ሳልል ይቺን ዳገት ገብቼባት አላውቅም» ይላሉ። «ኢንጂነሩ፣ ላሊበላ ቤት ልትሠራ ነው የምትሄድ? እዚያ አገር ከተሠራው ወዲያ ምን ቀረህ?»

ዳገቱ ሲያልቅ ደጋው ተዘረጋ። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ክምር፣ ጋቢ ውስጥ የተደበቁ ፊቶች፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ንፋስ። ጋሸና ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ስንወርድ ቤቶቹ መልካቸው ተለወጠ። ክብ ናቸው፤ በቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ባለ ደርብ፣ ደረጃቸው በውጭ በኩል የሚጠመዘዝ። ጋሽ እንድሪስን አስቁሜ አንዱን ሣልኩ። እንዲህ ያለ ያማረ ግድግዳ ከተማችን ውስጥ አላየሁም።

ሐሙስ፣ ጠዋት፣ ላሊበላ

አብያተ ክርስቲያናቱን አየሁ። ጫፉ ላይ ስቆም የሕንፃው ጣሪያ ከእግሬ ጋር እኩል ነው። እኛ ከመሠረት ጀምረን ወደ ላይ እንወጣለን፤ እነሱ ከጣሪያ ጀምረው ወደ መሠረት ወርደዋል። ብዙ ባልደረቦቼ እዚህ ቆመው በሙያቸው እንዳፈሩ ያወራሉ። እኔ ሙያዬን ይበልጥ ወደድኩት።

ሐሙስ፣ ከሰዓት፣ ወንዙ ዳር

የወንዙን ስም ስጠይቅ «ወንዝ ነዋ» ተባልኩ። የእማማ ዘነቡ ቤት ቁልቁለቱ አናት ላይ፣ መንገዱ ጥግ ያለ ክብ የድንጋይ ቤት ነው። ከእሱ በታች መሬቱ በወይራ መሃል እስከ ውሃው ይወርዳል። ከዚህ የተሻለ ቦታ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

እማማ ዘነቡ ለእኔና ለሲስተር ሙሉነሽ ጠላ አቀረቡልን። ፕላኑን መደቡ ላይ ዘረጋሁት። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።

«ወንዙ የቱ ነው፣ ልጄ?»

ወረቀቱ አናት ላይ ያለውን ሰማያዊ መስመር አሳየኋቸው።

«ቤቱስ?»

ከሥሩ ያለውን አሳየኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ወንዙን ራስጌዬ አርገህ ልታስተኛኝ ነው?»

ሲስተር ሙሉነሽ ሳቋ አመለጣት። «እማ፣ ወረቀት እኮ ነው።»

እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። በእኛ ሥራ ሰሜን ሁልጊዜ ከወረቀቱ በላይ በኩል ይውላል፤ ወንዙ ከቤቱ በስተሰሜን ስለሆነ ላይ ወጣ እንጂ ቤቱን አይጫነውም አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እዚህ አገር ሰው ራሱን ወደ ዳገት፣ እግሩን ወደ ወንዝ አርጎ ነው የሚተኛ።»

ወረቀቱን አዞርኩላቸው። ወንዙ ታች ወረደ።

«አሁን ቀና አለ» አሉ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ጣታቸው ላይኛው ጫፍ፣ በተቆራረጠ መስመር የተሣለ ክብ ላይ ቆመ። «ይኸስ?»

«ይህ ቤት ነው፣ እማማ። የሚፈርሰው።»

ጽዋቸውን አስቀመጡ። «ራሱን ቆርጣችሁ እግሩን ልትሠሩ ነዋ።»

ሲስተር ሙሉነሽ ሳቋ ጠፋ። «እማ፣ እስከ መቼ ለየብቻችን እንኖራለን?»

«አብሮ መኖሩን መች ጠላሁ። ራስ የሌለው ቤት ነው የጠላሁ።»

ወረቀቱ እንደ ዞረ ነው፤ ዓይኔ ከእሱ ላይ አልነሳ አለ። አዲሱን ቤት፣ ክቡ አናቱ ላይ ተቀምጦ፣ ከሥሩ ቁልቁለቱን ተከትሎ ሲወርድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ከእግሬ እኩል ያየሁት የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ትዝ አለኝ። እርሳሴን ይዤ ወጣሁና ክቡን ግድግዳ ተደግፌ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሠራሁ። አሮጌው ቤት አይፈርስም፤ ሰው ከመንገድ የሚገባው በእሱ ነው። ከእሱ በደረጃ እየተወረደ ክፍል ከክፍል ሥር ይቀጥላል፤ የታችኛው ጣሪያ ለላይኛው ሰገነት ይሆናል። መጨረሻው ወንዙን የሚያይ የሲስተር ሙሉነሽ መስታወት ነው። ሻወሯም አልቀረባትም። ይዤው ከመጣሁት በብዙ ይበልጣል።

እማማ ዘነቡ ወረቀቱን ተቀበሉኝ፤ ወንዙ ታች መሆኑን መጀመሪያ አረጋገጡ።

«አልጋዬስ?»

ክቡ ቤት ውስጥ አልጋ ሣልኩላቸው፤ ትራሱን ወደ ዳገቱ።

«ይሁን» አሉ። «ራሱ ካለ እግሩን እንዳሻችሁ አርዝሙት።»

ሲስተር ሙሉነሽ የእናቷን ትከሻ ሳመች።

አዲስ አበባ፣ ቢሮ

ንድፉን በንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ ባልደረባዬ ከጀርባዬ ቆሞ አየ።

«ሰሜንህ ተገልብጧል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቀስቱ ቁልቁል ወደ ወንዙ ያመለክታል።

ብዕሬን አንስቼ ከክቡ ቤት በላይ፣ ሰሜን ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ፣ «ራስጌ» ብዬ ጻፍኩ።