የጋሽ ሃመሶ ሜዳ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ግቢውን አሳጭዶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደና የእርጥብ ሣር ሽታ በመስኮቴ ገባ። ሹራብ እየጠገንኩ ነበር። መርፌውን አስቀመጥኩ። ድሮ ሣር ያመጡልን የነበሩት ጋሽ ሃመሶ ሸክማቸውን ደጃችን ላይ አውርደው ላባቸውን በክንዳቸው ሲጠርጉ ታዩኝ።

ልጅ በነበርኩበት ጊዜ ሐዋሳ ገና አዲስ ከተማ ነበረች። አባቴ ፒያሳ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእግር በሚረገጥ መኪና ልብስ ይሰፋ ነበር። ቤታችን ግን ከከተማው ዳር ነው፤ ከአጥራችን ወዲያ ሜዳው ይጀምራል። ሜዳው የሁሉም ነበር። የፈለገ ከብቱን ያሰማራበታል፣ የፈለገ ሣር ያጭድበታል፣ ማዶ ሰፈር የሚሄድ ሁሉ ያቋርጠዋል።

ጋሽ ሃመሶ ሣር ሻጭ ነበሩ። ጤዛው ሳይረግፍ አጭደው፣ በእንሰት ቃጫ አስረው፣ መጀመሪያ ለባለጋሪዎቹ ፈረሶች፣ ቀጥሎ ለእናቴ ላም ያመጡ ነበር። ሲዳምኛ ነው አፋቸውን የፈቱበት፤ አማርኛውን የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን አባቴ እየሳቀ፣ «አንተ ሰው፣ ዳኛ ፊት ብትቆምም ‹አንተ› ልትለው ነው?» አላቸው።

«ብቻውን ከተቀመጠ ‹አንተ› ነው» አሉ። «ሦስት ከሆኑ ‹እናንተ› እላለሁ።»

ትምህርት ቤቴ ከሜዳው ማዶ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ከኋላቸው እሄድ ነበር። ከሜዳው መሐል በቅንጭብ የታጠረ ክብ ቦታ አለ። አባታቸውና ሚስታቸው የተቀበሩት እዚያ ነው። ጋሽ ሃመሶ ማጭዳቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሲዳምኛ ጥቂት ይናገራሉ። አንድ ጊዜ ምን እንዳሉ ጠየቅኳቸው።

«ነጋ አልኳቸው። ዛሬ የት እንደማጭድ ነገርኳቸው።»

«ይሰማሉ?»

«እኔ እንጃ። ሳልነግራቸው ባጭድ ግን የሰረቅኩ ይመስለኛል።»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ደርግ ሜዳውን የወታደር ማሠልጠኛ አደረገው። ዳር ዳሩን ሽቦ ተዘረጋ። ሜዳው ዳር የነበረው የጋሽ ሃመሶ ጎጆ ከሽቦው ውስጥ ስለቀረ ከዚያ ተነሡና መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ከመንገድ ዳር ቦይ ነበር የሚያጭዱት። ሣሩ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ላማችን ታሸተውና ትተወዋለች። እናቴ ግን መግዛቷን አላቆመችም።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሮቹ ተበተኑ። ሽቦውን ሰው እየነቀለ ለአጥሩ ወሰደ። ለጥቂት ወራት እንደ ድሮው ተገባ። ጋሽ ሃመሶ ያን ጊዜ አርጅተዋል። ቅንጭቡ የሚከረክመው አጥቶ ከቁመታቸው በላይ አድጎ ነበርና ሦስት ቀን ሙሉ ሲከረክሙ ዋሉ። ከዚያ አዲሱ ጦር መጣ። ሜዳው እንደገና ማሠልጠኛ ሆነ፤ አዲስ ሽቦ ተዘረጋ።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከአንድ ግራር ሥር ተሰብስበው ማመልከቻ እንዲጻፍ ወሰኑ። እኔ ያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ስለነበር ጻፊ ተባልኩ። የሚናገሩት ጋሽ ሃመሶ ነበሩ።

«እንዲህ ብለሽ ጻፊ። ሜዳው የእኛ ነው። አባቶቻችን እዚያ ተቀብረዋል። መልሱልን። አለቀ።»

ማታ ቤቴ ሆኜ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። መዝገብ ቤት በየቀኑ የሚገቡ ማመልከቻዎች እንዴት እንደሚጀምሩና እንዴት እንደሚያልቁ አውቃለሁ። የጋሽ ሃመሶ ቃል እንዳለ ቢሄድ የሚያስቆጣ መሰለኝ። ከላይ «ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለመጠየቅ» አልኩ። ከታች ደግሞ «በማሠልጠኛው ይዞታ ውስጥ ወደሚገኘው ሜዳ እንድንገባ በመልካም ፈቃዳችሁ ይፈቀድልን ዘንድ በታላቅ ትሕትና እንለምናለን» ብዬ ጨረስኩ።

በማግሥቱ አነበብኩላቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወግ ያለው ጽሑፍ ነው አሉ። ጋሽ ሃመሶ ብቻ፣ «ያልኩሽን ጻፍሽ?» አሉኝ።

«ጽፌዋለሁ። ትንሽ አሳመርኩት እንጂ።»

አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከሁሉም ቀድመው አተሙ።

መልሱ ከብዙ ወራት በኋላ መጣ። ወደ ማሠልጠኛው ተጠርተን ሄድን። አንድ ወጣት መኮንን ወንበር ሰጠንና ደብዳቤውን አነበበልን። አመልካቾቹ መሬቱ የማሠልጠኛው ይዞታ መሆኑን በፊርማቸው ያረጋገጡ ስለሆነ፣ በዓመት አንድ ቀን፣ ስማቸው በዝርዝር እየቀረበ፣ ለመግባት ይችላሉ፤ ፈቃዱ በማናቸውም ጊዜ ሊነሣ ይችላል ይላል።

«የማን ይዞታ?» አሉ ጋሽ ሃመሶ።

«አባባ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት። እናንተው ጽፋችሁ ፈርማችኋል።»

«አንተ ልጅ፣ ሚስትህ ያለችበት ቤት ስትገባ ማንን ታስፈቅዳለህ?»

«ገና አላገባሁም፣ አባባ» አለ መኮንኑ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ሳቁ። ጋሽ ሃመሶ ዞረው አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ወጣን። መንገዱ ላይ ስንለያይ፣ «ጽሕፈትሽ ቆንጆ ነው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፈቃድ በተሰጠበት ቀን ሌሎቹ ስማቸውን አስመዝግበው ሲገቡ እሳቸው ቤታቸው ዋሉ። በሚቀጥለው ዓመትም አልገቡም። ከዚያ ታመሙ። ልጠይቃቸው ስሄድ ልጃቸው ወረቀት ይዞ ጠበቀኝ። ከሚስታቸው ጎን እንዲቀበሩ አንድ ማመልከቻ እንድጽፍ ለመነኝ። ጋሽ ሃመሶ ከአልጋው ላይ ሰሙን።

«አይጻፍ» አሉ። «እኔ ለመቃብሬ ከለመንኩ፣ የሰፈሩ ሰው ሁልጊዜ ሲለምን ይኖራል።»

«ጋሽ ሃመሶ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

«ያተምኩበት እኔ ነኝ። ሻይ ጠጪ።»

በዚያው ሳምንት ዐረፉ። ከሽቦው ውጭ፣ ለሚስታቸው በሚቀርበው ቦታ ቀበርናቸው። በመካከላቸው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ይሆናል። ልጃቸው በዓይኑ ሲለካ አየሁት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሠልጠኛው አጥሩን እስከ መንገዱ ድረስ ሊገፋ የሲሚንቶ ምሰሶ አመጣ። ሴቶቹም ሽማግሌዎቹም የጋሽ ሃመሶን መቃብር ከበን ተቀመጥን። ወረቀት አልያዝንም፤ ጻፊ ያለኝም የለም። በሦስተኛው ቀን የሠራተኞቹ አለቃ የሆነ ሸበቶ ወታደር መጣ። መቃብሩን አየ፣ እኛን አየ፣ ቆቡን አወለቀ። «እኔ በሰው ላይ ምሰሶ አልተክልም» አለ።

ዛሬም ማሠልጠኛው አለ። የጋሽ ሃመሶ ሚስት ከውስጥ ናቸው። ሽቦው ከሩቅ ቀጥ ብሎ ይመጣና የባላቸው መቃብር ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። በታጠፈበት በኩል ከመንገዱ ጋር የምትገናኝ ቀጭን መሬት ቀርታለች። ሰው በእግሩ ደልድሏታል። ጠዋት ተማሪዎች እየተሯሯጡ ያልፉባታል፣ ከብትም ይነዳባታል። እኔም ጉልበቴ ደህና ሲሆን እሄድባታለሁ። የሚያስፈቅድ የለም።