ከማዘያው ኋላ

ሰቆጣ ባለው የኪራይ ቤቴ የልጄን ልብስ አጥቤ ሳሰጣ፣ የእርጥብ ጨርቅና የቅቤ ሽታ ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ በእጄ የያዝኩት ልብስ ይጠፋኝና የእናቴ ማዘያ ይታየኛል።

ማዘያው ከወፍራም የጥጥ ጨርቅ የተሰፋ፣ ከላይ ሁለት ረጃጅም ማሰሪያ ያለው ነበር። አስተማሪ ነኝና ቅደም ተከተሉን ልናገር፦ እናት ጎንበስ ትላለች፣ ሕፃኑ እግሩን ከፍቶ ጀርባዋ ላይ ይጋደማል፣ ጨርቁ ይሸፍነዋል፣ ማሰሪያዎቹ በትከሻዋ መጥተው ደረቷ ላይ ይጠላለፉና ከሕፃኑ መቀመጫ ሥር ዞረው ወገቧ ላይ ይታሰራሉ። ቀና ስትል ሕፃኑን አታየውም፤ ክብደቱንና ሙቀቱን ብቻ ታውቃለች።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከሰቆጣ ራቅ ብሎ ባለው በዝቋላ በኩል ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እናቴ፣ ስታስል የሰነበተችውን ሕፃን ታናሽ እህቴን አዝላ ከገበያ ስትመለስ ሕፃኗ መንገድ ላይ ዝም አለች፤ እናቴም እንቅልፍ የወሰዳት መስሏት ደስ ብሏት፣ እንዳትነቃባት እርምጃዋን አለስልሳ ቤት ደረሰች። ስትፈታት ግን ሕይወቷ አልፎ ነበር። በጋውን ሙሉ ማዘያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ከረመ፤ ማንም ሳይታዘልበት እናቴ እያወረደች ታጥበው ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ወንድሜ ተወለደ። እናቴ ልታዝለው አልቻለችም፤ ሥራውን ሁሉ በአንድ እጇ እየሠራች በሌላው ታቅፈው ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ «እንደ እንቁላል ታቅፈሽው ልትከርሚ ነው?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም ፈገግ ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ማሽላው ሲያሽት ወንድሜም ማሳል ጀመረ። ጤና ጣቢያው ሩቅ፣ መንገዱም ገደላማ ስለሆነ፣ ልጅ ታቅፈው የሚወጡት አልነበረም። እትዬ ወርቄ ማዘያውን አወረዱ። እናቴ ጎንበስ አለች፣ ልጁን ሊያስተኙላት ሲሉ ቀና አለች፣ እንደገና ጎንበስ አለች። በመጨረሻ እኔን ገፋ አድርገው ከኋላዋ አቆሙኝና «ዓይን ይኸውልሽ፤ ይችን አስከትያት» አሏት።

እንዲያ ሆነን ወጣን። እናቴ ፊቷን ሳታዞር «ይተነፍሳል?» ትለኛለች፤ እኔም ቀረብ ብዬ በጨርቁ ጠርዝ አየውና «ይተነፍሳል እማ» እላታለሁ። ዳገቱ ላይ የራሷ ትንፋሽ ሲያጥራት እንኳ መጠየቋን አላቆመችም። አንድ ቦታ ላይ የወንድሜ ሳል ቀጥ ሲል እሷም ቀጥ ብላ ቆመች።

«ተኝቷል» አልኳት።

«ተኝቷል አትበይኝ፤ ይተነፍሳል በይኝ።»

ይተነፍስ ነበር። ታክሞም ዳነ። ከዚያ በኋላም እግር እስኪያወጣ ድረስ፣ እናቴ ባዘለችው ቁጥር እኔ ከኋላ እከተል ነበር፤ እኩዮቼም የእናቷ ጅራት እያሉ ያበሽቁኝ ነበር።

ዘንድሮ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። እኔ ልጄን የምይዘው ከሱቅ በተገዛ፣ ዘለበት ባለውና በደረት በኩል በሚታሰር ማዘያ ነው። እስቲ ልሞክረው ስትለኝ፣ እንደ ልማዴ እያብራራሁ በትከሻዋ አጠለቅሁላት፣ ዘለበቱን ቆለፍኩና ልጄን ደረቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ልጄ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እናቴ አቀርቅራ የልጄን ፊት ስታይ ብዙ ቆየችና፣

«ያችንም እንዲህ እያየኋት መጥቼ ቢሆን ኖሮ» አለች።

ያኔ በዚያ ዳገት ላይ ለጠየቀችኝ ሁሉ ቶሎ የምሰጣት መልስ ነበረኝ፤ ይኸው ዛሬ ተምሬ፣ ሌላውን ሳስተምር ውዬ እየገባሁ፣ ያው የድሮው መልስ ብቻ ስለነበረኝ፣ ቀረብ ብዬ ልጄን አየኋትና «ትተነፍሳለች እማ» አልኳት።