ጽጌን ሥራ ያስፈቷት ደግ ሰዎች

ከሞያሌ የተነሳሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ጽጌ ሥራዋን ሳትለቅ ልድረስባት ብዬ። ጽጌ የልጄ ልጅ ናት። በሕፃንነቷ ኩፍኝ ዓይኗን ወሰደባት። እንደዛም ሆና ተማረች፣ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች፣ በኬንያዋ ኢሲዮሎ ከተማ አንድ ኮሌጅ ቢሮ ውስጥ ስልክ ተቀባይ ሆና ተቀጠረች። ብዙም ሳትቆይ ደወለችና "እማማ፣ በወሩ መጨረሻ ለቅቄ ልመጣ ነው" አለችኝ። ማን ሰደበሽ ብላት ማንም። ደሞዝ ከለከሉሽ ብላት አይ። "እንደውም በጣም ደጎች ናቸው" አለችኝ።

ሰው ከደግ ሰው ይሸሻል? ነገሩን ሄጄ ልየው ብዬ ሱቄን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ወጣሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄን የምትጽፍልኝ የጽጌ ታናሽ እህት ሜሮን ናት።

መንገዱ

ድሮ ከሞያሌ ኢሲዮሎ መሄድ ማለት ከብት በጫነ ሎሪ አናት ላይ ብረት ጨብጦ አቧራ ሲቅሙ መዋልና ማደር ነበር። አሁን አስፋልት ገብቷል። ጠዋት የተነሳ ጀምበር ሳትጠልቅ ይደርሳል። ኮንዳው፣ የአውቶቡሱ ረዳት ማለት ነው፣ ሺ ከአምስት መቶ ሽልንግ አለኝ። የአሮጊት አጥንት ምን ይመዝናልና ነው ብዬ ስከራከረው "ማማ፣ የከበደኝ አጥንትሽ ሳይሆን ጆንያሽ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ በሶ፣ በርበሬና ሽሮ ጠቅጥቄበታለሁ። ሦስት መቶውን ተወልኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው ከጎልቦ የመጣ ግመል አርቢ ነው፣ ወንድሙን ሊጠይቅ የሚሄድ። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ስናወራ የጽጌን ነገር ነገርኩት።

"ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች ደሞዝ ይሰጧታል?" አለኝ። "እንግዲያ ቦታውን ለኔ ትልቀቅልኝ። ግመል ከማሳደድ ይሻለኛል።"

ሳቅኩ። በልቤ ግን ልክ ነው አልኩ። ዓይኗ የማያይ ልጅ ሥራ አግኝታ፣ ሰው አክብሯት፣ ምን ጎድሏት ነው የምትለቀው?

ቱርቢ ላይ ፖሊስ አስወረደንና ሁሉም ኪታምቡሊሾውን፣ መታወቂያውን ማለት ነው፣ እያሳየ አለፈ። ማርሳቢት ጉም ነበር፣ ነጠላዬን ደርቤ ወረድኩ። ሻይና ሁለት ቻፓቲ፣ ቂጣ ነገር ነው፣ በስድሳ ሽልንግ በላሁ፤ ቻፓቲው ደህና ነው፣ ሻዩ ግን ስኳር ብቻ። ላይሳሚስ ስንደርስ ደግሞ ሙቀቱ እሳት። የሳምቡሩ ሴቶች ጨሌያቸውን በመስኮት እያሳዩ ግዙን ይላሉ። አንድ ለሜሮን ገዛሁ።

ጽጌ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ በትሯን እያንኳኳች ብቻዋን መጥታ ተቀበለችኝ። ጆንያውን በአንድ በኩል ያዘች። ለምን እንደምትለቅ ስጠይቃት "ነገ ቢሮ ነይና እዪው፣ ብነግርሽ አይገባሽም" አለችኝ።

ቢሮው

ቢሮው ውስጥ ሦስት ናቸው። አለቃቸው ኪሪሚ የሜሩ ጎሳ ሰው ነው፣ ጎልማሳ። ቃባሌ የቦረና ልጅ ናት፣ ገና ስገባ "አኮ" ብላ፣ አያቴ እንደማለት፣ እጄን ሳመችኝ። ሦስተኛዋ ጽጌ።

የጽጌ ጠረጴዛ ላይ ምንም የለም። ስልኩ ያለው ቃባሌ ጋ ነው፣ ሲጮህም ቃባሌ ታነሳለች። ሻይ ሲመጣ የጽጌን ስኳሯን ሳይቀር አማስለው በእጇ ያስይዟታል። ልትነሳ ስትል ሁለቱም "ወዴት ነው?" ብለው ብድግ ይላሉ፣ ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው በር ድረስ። ቃባሌን ለምን ሥራ አትሠራም ብላት፣ "አኮ፣ እኛ እያለን እሷን ማልፋት ነውር አይደለም?" አለችኝ። መረቅኳት። ጽጌ አንገቷን ደፋች።

ከዛ እኔንም ያዙኝ። ለስላሳ ወንበር ሰጡኝ። የሻዩን ብርጭቆ ላጥብ ብነሳ "አኮ ተቀመጪ።" መስኮት ልከፍት ብል ኪሪሚ ሮጦ ከፈተው። ቃባሌ ወረቀት እያጠፈች ፖስታ ውስጥ ትከታለች፣ ይሄንንማ እችላለሁ ብዬ እጄን ስሰድ፣ ቀስ አድርጋ ከእጄ ወሰደችው፣ እየሳቀች፣ ከሕፃን እጅ እንደሚወሰድ። ነጠላዬን አስር ጊዜ አስተካከልኩ። ከሞያሌ ድረስ ስትንገላታ መጥታ ያልደከማት ሴትዮ እዛ ወንበር ላይ ደከማት።

ጽጌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና "እማማ፣ አንቺ ግማሽ ቀን ነው የተቀመጥሽው። እኔ ከተቀጠርኩ አንድ ስልክ አላነሳሁም" አለችኝ።

ገበያውን አሳዩኝ አልኩ፣ ከወንበሩ ለመገላገል ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ጽጌ ጠረጴዛዋ ጋ ቀረች፣ ሁለቱ ተነሱ፤ አሮጊት እንግዳ ብቻዋን አትሰደድም። በረንዳው ላይ እንደወጣን ስልኩ ጮኸ። ቃባሌ ዞር አለች። እኔም "እግሬን፣ እግሬን" ብዬ ክብደቴን ክንዷ ላይ ጣልኩት። እግሬ ምንም አልሆነም ነበር። ኪሪሚም በዛኛው በኩል ደግፎኝ ቀረ።

ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቆመ። ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ ዘጋ ብዬ አዘንኩ። ከዛ የጽጌ ድምፅ መጣ። በስዋሂሊ ስሙን ትጠይቀዋለች፣ መልሳ ትነግረዋለች፣ ቢሮው መቼ እንደሚከፈት ታስረዳዋለች። እኔ ያሳደግኳት ልጅ ናት፣ ያን ድምጿን ግን ሰምቼው አላውቅም። ክንዴን መጀመሪያ የለቀቀው ኪሪሚ ነው። መስኮቱ ሥር ቆሞ አዳመጠ። ሌላ ተደወለ፣ አነሳች።

ገበያው ቀረ። ስንገባ ቃባሌ ቆጣ ብላ "ጽጌ፣ እንደምትችዪ ብትነግሪን ምን ነበረበት?" አለቻት።

"ነግሬያችሁ ነበር" አለች ጽጌ። "አይዞሽ አላችሁኝ።"

"የስልኩ ገመድ ቢጠልፍሽስ?"

"ስወድቅ አንሺኝ። ሳልወድቅ አታንሺኝ፣ እህቴ።"

ኪሪሚ ስልኩን ራሱ ተሸክሞ ጽጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። እሷ በስተግራ አድርገው አለችው፣ በቀኟ ብሬል ስለምትጽፍ። አዞረው። ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብላት ኮምፒዩተር ገና አልተገዛም፣ ቃባሌም ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ስልክ ልታነሳ እጇን ዘርግታ መለሰች። በአንዴ አይሆንም። ማታ ጽጌ "እስቲ አንድ ወር ልየው" አለችኝ። አልለመንኳትም።

መልስ

ስመለስ አውቶቡሱ ባዶ ነበር፣ እያሰብኩ መጣሁ። ጠላት ከሥራ ሲያስወጣ ይታወቃል፣ ሰውም ይጮኽልሻል። ወዳጅ ሲያስወጣ ግን ማን ላይ ይጮኻል? ሰውን ቢሮ አስገብቶ ማስቀመጥ መቀበል አይደለም። መቀበል ማለት ምን ላርግልህ ከማለት በፊት ምን ትሠራለህ ብሎ መጠየቅ፣ ከዛ መልሱን መስማት ነው። ይሄን ለማወቅ ወንበር ላይ መጎለት ነበረብኝ።

ሞያሌ በገባሁ ማግስት ጠዋት ሜሮን በቢሮው ቁጥር ደወለችልኝ። ጽጌ አንስታ የኮሌጁን ስም ጠርታ "ምን ልርዳዎት?" አለች። እኔ ነኝ፣ ደርሻለሁ አልኳት።

"እሰይ። እማማ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው" አለችና ዘጋችብኝ።

ሜሮን ምን አለችሽ ብትለኝ፣ ሥራ ይዛለች አልኳት።