ከምግብ በፊት እጅዎን ይታጠቡ

አባቴ ስልኩን እንዳነሣ ብድግ ብሎ ቆመ። ለአለቃ ካልሆነ በቀር ቆሞ ስልክ ሲያነጋግር አይቼው አላውቅም። የደወለችው የኮሌጁ ተማሪዎች ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ናት፤ ጋዜጣው ሃምሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ስለሆነ፣ በዕለቱ «ለሐሳብ ነፃነት የዕድሜ ልክ ባለውለታ» የሚል ሽልማት እንዲቀበል ልትጋብዘው ፈልጋ ነው።

«ኧረ እኔ ምን ሠርቼ፣ ልጄ!» አላት።

ትሕትና መሰላትና የባሰ አመሰገነችው። እሱ ግን ለአንዴ እንኳ እውነቱን ነበር የተናገረው።

አባቴ በዚያ ኮሌጅ የተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጡረታ እስኪወጣ የሠራ ሰው ነው። የሥራ መደቡ «የጋዜጣ አማካሪ» ይባላል። ሥራው ደግሞ ጋዜጣው ከመባዛቱ በፊት አንብቦ የማይሆነውን ማጥፋት ነበር። ማጥፋት ስል አጋንኜ አይደለም። ያኔ ጋዜጣው የሚመታው በስቴንስል፣ ማለት በሰም በተነከረ የማባዣ ወረቀት ላይ ነው፤ ለስቴንስል ማረሚያ የሚሆን፣ ከጥፍር ቀለም የማይለይ፣ ቀይ ፈሳሽ በትንሽ ጠርሙስ ይመጣ ነበር። ክዳኑ ላይ ብሩሽ አለው። አባቴ ያልወደደውን ዓረፍተ ነገር በዚያች ብሩሽ ቀስ አድርጎ ይቀባዋል፤ ዓረፍተ ነገሩም አብሮ ይሞታል። ተማሪዎቹ «ጋሼ ጥፍር ቀለም» ይሉት ነበር። እሱ ይህን ስም እንደማያውቅ ሆኖ ነው የኖረው።

አንብቦ፣ ቀብቶ፣ አድርቆ ሲጨርስ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ይባዛ» ብሎ ስሙን ይጽፋል። እሷ ቃል ከሌለች የማባዣ ክፍሉ ሠራተኛ ወይ ፍንክች። ስቴንስል ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ ደግሞ አብሮ ይባዛልና፣ የአባቴ ስም ከእያንዳንዱ ዕትም ሥር ታትሞ ወጣ። የዛሬዎቹ ልጆች የድሮዎቹን ዕትሞች ከመጋዘን አውጥተው ሲያገላብጡ፣ አዘጋጆቹ በየዓመቱ ሲለዋወጡ ይኸ አንድ ስም ብቻ እንዳለ አገኙት። ጋዜጣውን በጫንቃው ተሸክሞ የኖረ ጀግና አድርገው ቆጠሩት። አይፈረድባቸውም። «ይባዛ» እያለ የኖረን ሰው ማን ይጠረጥረዋል?

በዚህ ብቻ ቢቀር ጥሩ። ቀለም የተቀባ ቦታ ባዶ ሆኖ ከወጣ «እዚህ የጠፋ ነገር አለ» ብሎ ያሳብቃል፤ ይኸ ደግሞ የኮሌጁን ዲን ያስቆጣል። ስለዚህ አባቴ ለክፍተቱ መሙያ የሚሆኑ ምክሮች በየልኩ አዘጋጅቶ ነበር። ለአጭሩ «መብራት ያጥፉ።» ለመካከለኛው «ከምግብ በፊት እጅዎን ይታጠቡ።» ለረጅሙ «መጻሕፍት የጋራ ሀብታችን ስለሆኑ ገጻቸውን አንጠፍ።» ታዲያ ስለ ተማሪዎች ምግብ ቤት የተጻፈ አንድ የተቆጣ ጽሑፍ «ወደ ማብሰያው ክፍል ዘልቀን ስንገባ ያየነው» ይልና «መብራት ያጥፉ» ብሎ ዐርፎ ይቀመጣል። ተማሪ ሞኝ አይደለም፤ ቋንቋውን ወዲያው ለመደው። ጋዜጣው በወጣ ቀን «ዛሬ ስንት እጅ መታጠብ አለው?» እየተባለ ይጠየቅ ነበር። እጅ መታጠብ የገባበት ጸሐፊ በግቢው ውስጥ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። የበዓሉ ኮሚቴ ግን ይህን ከየት ይወቅ! በልዩ ዕትሙ ላይ «ጋዜጣችን በጤና ትምህርት ፈር ቀዳጅ ነበር» ብሎ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፈበት።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ፤ ነገሩ የሚቆጠቁጠው እዚያ ላይ ነውና።

እናቴ የዚያው ኮሌጅ ተማሪ ነበረች። የሴቶቹ መኝታ ቤት በር ገና ሳይመሽ ሲቆለፍ የወንዶቹ ክፍት ያድር ነበር። እሷ በነገር መውጋት ትችልበታለች፣ እኔ ልጇ ምስክር ነኝ። በሩን ስለሚቆልፉት ሰውዬ፣ ስለ ታማኝነታቸው፣ ስለ አስተዳደሩ አሳቢነት እያሞገሰች አንድ ጽሑፍ ጻፈች። መካከል ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ያቺ ስትነበብ ምስጋናው ሁሉ ይገለበጥና ስድብ ይሆናል። ያቺ ከሌለች ደግሞ ምስጋናው ምስጋና ብቻ ነው።

አባቴ ያቺን ዓረፍተ ነገር አጠፋት። ያጠፋት ግን እንደ ሌሎቹ አይደለም። ጽሑፉ በጣም ደስ ብሎት ነበር። እንዲህ ያለ ያማረ ጽሑፍ መሐል «እጅዎን ይታጠቡ» ብሎ መለጠፍ ነውር መሰለው። ስለዚህ ገጹን ከመጀመሪያው ጀምሮ በራሱ እጅ እንደገና መታው፤ ከፊትና ከኋላ ያሉትን አያይዞ ስፌቱ እንዳይታይ አደረገው። በሕይወቱ እንደዚያ የተጠነቀቀበት ሥራ የለም ይላል። ተጠንቅቆ ነው እናቴን ጉድ የሠራት።

ጽሑፉ ከነስሟ ወጣ። ዲኑ በጣም ስለወደደው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አስለጠፈው። ጓደኞቿ ግን መኝታ ክፍል ስትገባ ወሬ ማቆም ጀመሩ። «እመት ምስጋና» የሚል ስም ወጣላት። አንድም መሙያ አልገባበትማ! ተቆርጦብኝ ነው ብትል ማን ይመናት? እናቴ ከዚያ ወዲህ ብዕር አላነሣችም፤ ለልደቴ እንኳ ካርድ ስትሰጠኝ ስሟን ብቻ ነው የምትጽፍበት።

አንጀቷ አርሮ ቢሮው ድረስ ሄደች፤ «ቢያንስ እጅዎን ይታጠቡ ብትልልኝ ምን ነበረበት!» ብላ ጮኸችበት። የጀመረችው ጩኸት እስከ ዛሬ አላበቃም፤ መሐል ላይ ተጋቡና ሁለት ልጅ ወለዱ እንጂ። «ለምን አገባሽው?» ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄያታለሁ።

«ጽሑፌን ሙሉውን ያነበበ ሌላ ሰው አልነበረማ!» አለችኝ።

«ዓረፍተ ነገሯ ምን ትል ነበር?»

«ሲታተም ታነቢዋለሽ።»

ከዚህ ሌላ ትንፍሽ አትልም። አባቴን ብጠይቀው ደግሞ «የእናትሽ ናት፤ እሷን ጠይቂ» ይለኛል። የሰው ዓረፍተ ነገር ማክበር የተማረው እንግዲህ ካጠፋ በኋላ ነው።

አዘጋጇ ልጅ የልዩ ዕትሙን ረቂቅ ይዛ ቤት የመጣች ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። ትልቅ ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ ፈጣን፣ ደስ የምትል ልጅ ናት። እናቴ ሻይ ቀዳችላት። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ገጾቹን ሲገልጥ ልቡ ቅቤ እንደጠጣ ያስታውቃል፤ ባለ ሙሉ ገጽ ፎቶው ላይ ሲደርስማ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥሎ አንድ ገጽ ገለጠና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ከማኅደራችን» በሚል ርእስ የእናቴ ጽሑፍ እንዳለ ታትሟል፤ ከነአባቷ ስም። ከላዩ ላይ «በተማሪውና በአስተዳደሩ መካከል ለነበረው መልካም ግንኙነት ሕያው ምስክር» ይላል። ልጅቷ፣ ጸሐፊዋ ሻይ እየቀዳችላት እንደሆነ አታውቅም።

«እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጎድሏል» አለ አባቴ።

«አልጎደለም፣ ጋሼ፤ ከዋናው ዕትም ጋር አመሳክረናል።»

«ግድ የለሽም፣ ይጨመር። እኔ እነግርሻለሁ።»

«ጋሼ፣ የድሮ ጽሑፍማ አንነካም። መርሐችን ነው፤ አንቀንስም፣ አንጨምርም።»

«እንግዲያው ጽሑፉ በሙሉ ይውጣ።»

ልጅቷ ከልቧ ሳቀች። «ይሰረዝ? እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉት? ሊፈትኑኝ ነው፣ ገብቶኛል!»

እናቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ሁሉንም ሰማች። ልጅቷ እስክትወጣ ጠብቃ፣ ገጹን ከእጁ ወስዳ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ውኃ ቀጠነ ብላ የምትቆጣ ሴት ዛሬ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም፤ ይኸ ነው ያስፈራኝ።

«እንግዲህ ሁለተኛ ልባዛ ነው» አለች። «ያኔ ግቢው ብቻ ነበር ያነበበው። አሁን ደግሞ ልጆቻቸውም ያንብቡት። ስሞትም ይኸው ይነበብልኛላ!»

«አልሄድም» አለ አባቴ። «ደውዬ እምቢ እላለሁ።»

«ትሄዳለህ! እኔም እመጣለሁ። ፊት ለፊትህ ነው የምቀመጠው፤ ስትቀበል ዓይንህን ማየት እፈልጋለሁ።»

እናቴ ወደ ጓዳ ስትገባ «አባዬ፣ እውነቱን ለልጅቷ ንገራት፤ በቃ» አልኩት።

«አዳራሹን አስጊጠው ደስ ብሏቸው ላሳፍራቸው?» አለ። የሚያፍረው እሱ እንጂ እነሱ እንዳልሆኑ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ደግሞ ልቡ ፈልጎታል። ጡረታ ሲወጣ የሸኙት በግድግዳ ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱ እቤት ሳይደርስ ነው የቆመው። አሳዘነኝም፣ አናደደኝም።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የአሁኑ ዲን ስለ ፕሬስ ነፃነት ብዙ ተናገሩ፤ ተማሪዎቹ የፕሮግራሙን ወረቀት ለእሳቸው ካሳዩ በኋላ ነው ያባዙት ሲባል ሰምቻለሁ። ልዩ ዕትሙ በየጠረጴዛው ተቀምጧል። የድሮ ተማሪዎች፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች፣ እየተቃቀፉ ይሳሳቃሉ። አንዲት ሴትዮ ከእናቴ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ገጹን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«አንቺ እመት ምስጋና! ዛሬም በሩ ይቆለፍ ትያለሽ?»

ቀልድ ነበር። እናቴም ሳቀች። ከጠረጴዛው ሥር ግን ክንዴን ጨብጣ ይዛኝ ነበር፤ ምልክቱ ቆየብኝ።

የአባቴ ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። አዘጋጇ መስተዋት የመሰለውን ሽልማት ስትሰጠው ተቀበለና ንግግር ማድረጊያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ይኸ ሽልማት ሰው ተሳስቷል» አለ። «ይህን ጋዜጣ እኔ አላዘጋጀሁም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ወጣቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እንዲህ ያለ ተጫዋች ሽማግሌ ጠብቀው አልነበረም። ከኋላ ግን አንድ ወፍራም ድምፅ «ጋሼ ጥፍር ቀለም!» ብሎ ሲጣራ ሽበታሞቹ አጉረመረሙ። አባቴ የማያውቀውን ስም ሲሰማ አንገቱን ደፋ፣ «አቤት» አለ።

ከዚያ ልዩ ዕትሙን ሳይገልጥ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጽሑፏን በቃሉ ይለው ጀመር።

«እንደ በር ቆላፊያችን ያለ ታማኝ ሰው የት ይገኛል? ፀሐይ ትዘገይ እንደሆነ እንጂ እሳቸው አይዘገዩም። ወንድሞቻችን ለብርድ ተጋልጠው እንደ ልባቸው ሲወጡና ሲገቡ፣ እኛ ያለ አንዳች ሐሳብ እንተኛለን።»

እዚህ ላይ ቆመ። የረሳው መስሎኝ ነበር። እናቴን እያየ፣ ቃል በቃል ለይቶ፣

«ከምግብ በፊት እጅዎን ይታጠቡ» አለ።

ሽበታሞቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ሳያልቅ ተቋረጠ፤ አንድ በአንድ እየገባቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ላይ እጅ መታጠብ አልነበረም። ከእናቴ ጎን የተቀመጠችው ሴትዮ ልዩ ዕትሙን አንሥታ ፈለገችና አጣችው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች፤ ወጣቶቹ ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ይተያያሉ።

እናቴ ክንዴን ለቀቀችኝና ተነሣች። ማይክሮፎን አልያዘችም፤ ግን ያልሰማት ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

«በሩ የሚቆለፈው ለእኛ ደኅንነት ከሆነ፣ ቁልፉ ለምን በሌላ ሰው ኪስ ያድራል?»

«ይህን ላሰቡልን ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳቸው» ብላ የመጨረሻውንም መስመር ራሷ ጨረሰችው። ሴትዮዋ አፏን በእጇ ይዛ «ወይኔ እህቴ!» ስትል ሰማኋት። መድረኩ ላይ አዘጋጇ ልጅ ፊቷ ቀልቶ ሽልማቱንና አባቴን ታያለች፤ ከዚያ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች።

አባቴ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለ።

«ይባዛ» አለ።

እናቴ ቦርሳዋን አነሣች። ዓይኖቿን ወደ እኔ አላዞረችም።

«ምግብ ሊቀርብ ነው፤ እጄን ልታጠብ» ብላኝ ወጣች።

ልከተላት ስነሣ አባቴ ሽልማቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቶ በመድረኩ ደረጃ ሲወርድ አየሁትና ተመልሼ ተቀመጥኩ።