የየብርጓል መልስ የት ገባ

ባለቤቴ የብርጓል ፈሪ ነበረች። ይህን የምለው ልነቅፋት አይደለም፤ የሚያውቃት ሁሉ የሚያውቀው ነው። መብረቅ ትፈራለች። ባጃጅ ላይ ስትቀመጥ ዐይኗን ትጨፍናለች። ስልክ ሲጮህ ከማንሣቷ በፊት ደረቷን ትይዛለች። ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ሰዎች ስለ ደግነቷ ሲያወሩልኝ እሰማለሁ፤ እኔን ግን ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለኝ ፍርሃቷ ነው፤ ይልቁንም የሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረቱ የካቲት።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ልባቸውን የታመሙ ልጆችን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ በሚልክ ትንሽ የበጎ አድራጎት ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ቢሮው ሁለት ክፍል፣ አንድ ስልክና አንድ ኮምፒውተር ነበረው። ኃላፊው አቶ አለበል ልባቸው ቅን፣ ድምፃቸው ግን ግድግዳ የሚያልፍ ሰው ነበሩ። ቢሮው ሥራ እንደ ጀመረ ኮምፒውተሩ በየደብዳቤው ላይ የፈረንጅ ቀን እያተመ ስላስቸገራቸው «የማን አገር ቢሮ ነው ይሄ?» ብለው ተቆጡ። የብርጓልም የኮምፒውተሩን ቀን በእኛ አቆጣጠር አደረገችው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ሁሉ በእኛ ወርና ዓመት ይወጣ ጀመር፤ አቶ አለበልም ተደሰቱ፤ ነገሩም ተረሳ።

እስከዚያ ዓመት ድረስ ኢሜይል የምታየው ኢንተርኔት ቤት እየሄደች ነበር። በጥር ወር ግን ስልኩ ላይ ሞደም ተገጠመና ኢሜይሉ እዚያው ቢሮ እንዲገባ ታዘዘ። አንድ ባለሙያ ከአዲስ አበባ በስልክ አስረዳት። ኮምፒውተሩ ውስጥ የደብዳቤ ፕሮግራም አለ፤ የቢሮውን አድራሻ እሱ ውስጥ ታስገባለች፤ ከዚያ መስመር በተገኘ ቁጥር ደብዳቤውን እያወረደ ያስቀምጥላታል፤ መስመሩ ቢቆረጥ እንኳ ቁጭ ብላ ታነበዋለች።

ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው። ለየብርጓል ግን እያንዳንዷ ሳጥን ፈተና ነበረች። የቢሮውን ስም ጻፈች። አድራሻውን ጻፈች። ፓስወርዱን ስትጽፍ ፊደሉ ኮከብ እየሆነ ስለሚደበቅባት እየደመሰሰች እንደገና ጻፈችው። ደብዳቤ የሚመጣበትን ሰርቨር በአንዱ ሳጥን፣ የሚላክበትን በሌላው አስገባች። ምሳ ልትበላ ስትመጣ እንጀራውን ቆርሳ ሳትጎርሰው ያዘችውና፣ «የሚመጣበትን ከሚሄድበት አለዋውጬው ቢሆንስ?» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሳ «ተቀበል» የሚለውን ስትጫን ሞደሙ ጮኸ፤ ወዲያው ቢጫ ምልክት ያለበት ማስጠንቀቂያ ፊቷ ተደቀነ። ከወንበሯ ተነሣች።

«ጋሽ አለበል፣ ይሄ ነገር አደጋ አለው የሚል መሰለኝ።»

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ሰርቨሩን ማመን አልተቻለም፤ የማረጋገጫው ጊዜ ልክ አይደለም፤ ልቀጥል ወይ? ይላል።»

«ቀጥል በይዋ! የሚነክስ ውሻ መሰለሽ?»

«ቢነክስስ?»

«ቢነክስ እኔን ይንከስ። ተጫኚው አንቺ!»

ተጫነችው። ደብዳቤዎቹ ወረዱ። አቶ አለበል አጨበጨቡ። ማስጠንቀቂያው ግን በማግስቱም መጣ፤ በየቀኑም መጣ። እሷም በየቀኑ አማትባ ትጫነው ነበር።

መክሊት የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ከሉማሜ አካባቢ ገጠር እናቷ ማንጠግቦሽ ያመጣቻት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ ተብላለች። ከንፈሯ ይጠቁራል፤ ጥቂት ትራመድና ትንፋሿ እስኪመለስ መንገድ ላይ ቁጢጥ ትላለች። በየካቲት መጨረሻ የልብ ሐኪሞች ከውጭ አገር መጥተው፣ የልጆችን ልብ በቀዶ ሕክምና ሠርተው ሊመለሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት በዓመቱ ነበር። መክሊት ግን ዓመት እንደማትቆይ ያያት ሐኪም ለማንጠግቦሽ ነግሯታል።

የተራውን ዝርዝር የያዘችው አዲስ አበባ ያለችው ነርስ ሲስተር መቅደላዊት ነበረች። «መክሊት እንደምትመጣ በኢሜይል አረጋግጡልኝ፤ ካላረጋገጣችሁ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል» ብላ ጻፈች። የብርጓል በዚያው ቀን «ትመጣለች» ብላ መለሰች። ከቀናት በኋላ ሲስተር «መልሳችሁን እየጠበቅሁ ነው» አለች። የብርጓል እንደገና መለሰች። ሦስተኛው ደብዳቤ አጭር ነበር፤ «እስከ ነገ ካላወቅሁ ስሟን አወጣለሁ» ይላል። ለእሱም መለሰች። ፕሮግራሙ ሦስቱንም ልኬያለሁ ይላታል።

ያን ማታ እራት አልበላችም።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች። «ያን ማስጠንቀቂያ እንቢ ማለት ነበረብኝ።»

«ለምን አትደውዪላትም?»

«ቦታው ተሰጥቷል ብትለኝስ? እስክትለኝ ድረስ እኮ አልተሰጠም።»

ይህን አነጋገሯን እስካሁን አልረሳሁትም። በማግስቱ ግን «አብረኸኝ ሂድ፤ ዝም ብለህ አጠገቤ ተቀመጥ» ብላኝ ሄድኩ። የምሠራበት ትምህርት ቤት ፈረቃዬ ከሰዓት ነበር።

ስንደርስ ማንጠግቦሽና መክሊት ከቢሮው በር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ስንቅ ቋጥረው፣ ነጠላቸውን አጥበው ለመንገድ ተሰናድተው ነው የመጡት።

«እትዬ፣ መልሱ መጣ?» አለች ማንጠግቦሽ እየተነሣች።

«ልጠይቅ ነው እናቴ፤ ተቀመጪ።»

የብርጓል ስልኩን ስትደውል ጣቷ ሁለት ጊዜ ቁጥር ሳተ። አቶ አለበል ቆመው ያያሉ። ስልኩ ሲነሣ የሲስተር ድምፅ ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

«ሲስተር፣ የብርጓል ነኝ ከማርቆስ። ስለ መክሊት ነበር…»

«አንቺ ሰው! አላችሁ እንዴ? ለምንድን ነው የማትመልሱልኝ?»

«መልሻለሁ። ለሦስቱም መልሻለሁ።»

«አንድም አልደረሰኝ። ዛሬ ጠዋት ስሟን አወጣሁት። ለሌላ ልጅ እናትም ደውዬ ነግሬያለሁ።»

የብርጓል ከንፈሯ ነጣ። አቶ አለበል «ልኬያለሁ አላልሽኝም? ምን ጉድ ነው ይሄ?» ብለው ጮኹ። በመስኮቱ መክሊት አንገቷን አስግጋ ስታየን አየሁ።

«ቆይ እስቲ» አለች ሲስተር። «መቼ ነው የላክሽው?»

የብርጓል ስክሪኑን እያየች አነበበች። «የመጀመሪያውን የካቲት አንድ፣ ሁለት ሺህ ሁለት።»

«በእኛ አይደለም የምልሽ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ንገሪኝ።»

«ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ነው የማነብልሽ።»

ሲስተር «ቆይ፣ የድሮ ደብዳቤዎቼን እስከ ታች ወርጄ ልይ» አለችና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ሰማን። የመስመሩ ሹክሹክታ ብቻ ቀረ። የብርጓል በግራ እጇ ጉልበቴን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ሱሪዬን አልፎ ይሰማኛል።

«አሉ» አለች ሲስተር ተመልሳ። «ሦስቱም አሉ። ከሁሉም ግርጌ ወድቀዋል። የእኔ ፕሮግራም ደብዳቤ የሚደረድረው በተላከበት ቀን ነው፤ ያንቺ ኮምፒውተር ደግሞ የዛሬ ስምንት ዓመት ግድም የተላኩ ናቸው ይላል። እኔ እኮ የማየው ከላይ ያለውን ነው።»

አቶ አለበል ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሰማሁት። «ቀኑን ቀይሪው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። የብርጓል አልሰማቻቸውም።

«ታዲያ ቦታው?» አለች ወደ ስልኩ።

«ለእናቲቱ ነግሬያታለሁ የብርጓል። አሁን ምን ብዬ ልመልሳት?» ቀጥላም፣ «ይዛችኋት ኑ። ቃል አልገባም። ግን ከሩቅ ከምትሆን እዚህ ብትሆን ይሻላል» ብላ ዘጋች።

አቶ አለበል ለማንጠግቦሽ ሊነግሩ ሲነሡ የብርጓል ቀደመቻቸው። ወጥታ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

«መልስ ልኬ ነበር፤ በእኛ ጥፋት ሳይታይ ቀረ። ቦታዋ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። ይዛችኋት ኑ ብለዋል፤ ግን ይሠራላት አይሠራላት አላውቅም። አልዋሽሽም።»

ማንጠግቦሽ የስንቁን ቋጠሮ ፈታችና መልሳ አጥብቃ ቋጠረችው። «አንቺም ትመጫለሽ?» አለች።

የብርጓል አባይ በረሃን ከሁሉም በላይ ትፈራ ነበር። ወንድሟ ሲያገባ እንኳ በዚያ መንገድ አልሄድም ብላ ቀርታለች።

«እመጣለሁ» አለች።

ስለ መንገዱ የነገረችኝ ትንሽ ነው። ከደጀን በታች ሚኒባሱ ሲጠማዘዝ የመክሊትን እጅ ይዛ ዐይኗን ጨፈነች። መክሊት «እትዬ፣ እጄን ጨመቅሽኝ» አለቻት።

«ፈርቼ ነው የኔ ልጅ።»

«እኔ አልፈራሁም። እኔን ያዢኝ፤ ግን ቀስ አድርገሽ።»

አዲስ አበባ ደርሰው ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሰነበቱ። የብርጓል ሁልጊዜ ማታ ትደውልልኛለች፤ የምትለኝም ያው ነው፤ «ገና ነው።» ሐኪሞቹ ሊመለሱ ሲቃረቡ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ታዲዮስ የሚባል ልጅ ሳልና ትኩሳት ያዘው። እንዲህ ሆኖ ማደንዘዣ መስጠት አይቻልም ተባለ። ሲስተር መቅደላዊት ኮሪደሩን አቋርጣ መጥታ የመክሊትን እጅ ያዘች።

የብርጓል የደወለችው መክሊት ከቀዶ ሕክምና ክፍል ከወጣች በኋላ ነው። ድምፅዋ ሰልሏል። «ወጣች። ከንፈሯ ቀልቷል» አለችኝ። ደስታዬን ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ያ ልጅስ?»

«የቱ ልጅ?»

«ሳል የያዘው። ይዘውት ሲወጡ እናቱን አየኋት። እኛን ነበር የምታየው።»

ወደ ማርቆስ እንደ ተመለሰች የኮምፒውተሩን ቀን በፈረንጅ አደረገችው፤ ያ ማስጠንቀቂያም ከዚያ በኋላ አልመጣም። አቶ አለበል የደብዳቤውን ቀን በእጇ እንድትጽፈው ተስማሙ። ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን ሳታወልቅ መጀመሪያ የምታየው ቀኑ ያለበትን የስክሪኑን ጥግ ሆነ። ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም፤ ቦታ ብቻ ነው የቀየረው። በየወሩ ለሲስተር «ታዲዮስ እንዴት ነው?» ብላ ትጽፋለች። የሚመጣው መልስ «እየጠበቀ ነው» የሚል ነበር። በክረምቱ አንድ ሁለት ወር ምንም ሳይመጣ ሲቀር ስለ እሱ ማንሣት ትታ ነበር፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ሐኪሞቹ በዓመቱ ተመልሰው መጡ። የካቲት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ሲስተር ጻፈችላት። «ታዲዮስ ተሠራለት። እየበላ ነው።»

የብርጓል በዚያ ቀን ከቢሮ የመጣችው በባጃጅ ነበር። ከደጃፍ ስትወርድ በመስኮት አየኋት። ዐይኗን ጨፍና ይሁን ገልጣ እንደ መጣች አልጠየቅኋትም።